ስንት ልቁረጥልዎ?

ወደ ቫልዶስታ ሲነዱ፣ በስተቀኝ ቤንዚን ማደያ፣
ከኦቾሎኒው መጋዘን፣ ከትራክተሩ ማቆሚያ፣
አሥራ አንድ ዓመት ቆምኩኝ፣ ከገንዘብ ሳጥኑ ኋላ፣
ሲነጋ ሎተሪ ስቆርጥ፣ ሲመሽ በረዶ ስሞላ።

ሚስተር ክሊታስ ይመጣሉ፣ አምስት ዶላር ጨብጠው፣
በመኪናቸው ቁልፍ ጫፍ፣ ብርማውን ቀለም ፍቀው፣
ባዶ ሲሆን ይስቃሉ፤ አያዝኑም፣ አይቆጩም፦
«ለልጆች ትምህርት ነው፣ ቨርሊን፤ ሜዳ ላይ አልወደቀም።»

እውነታቸውን ነው። የዕጣው ትርፍ ኮሌጅ ያስገባል፤
የጆርጂያ ልጅ ከተጋ፣ በዚያ ገንዘብ ይማራል።
ስሙንም ሲያወጡለት፣ «ተስፋ» ብለው ጠሩት፤
እኔም በየቲኬቱ፣ ልጄን እያሰብኩ ቆረጥኩት።

«ነዋሪ ናችሁ?» ነን እንጂ። የአያቴ መቃብር ይመስክር።
«በስንት ነጥብ ጨረሰች?» «ወንጀልስ?» «ዕፅስ?» «ሌላ ብድር?»
ዛኪያ ሁሉን ሞላች፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በእርጋታ፣
እዚሁ ባንኮኒ ላይ፣ በኔ ተራ፣ በአንድ ማታ።
ከታች በደቃቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ቀርታ ነበር፦
ሦስት ነጥብ ዜሮ።
ከዚያ ከወረደች፣ የለም።

አንደኛው ዓመት ሰላም ነው። በሁለተኛው አማካሪዋ፣
የኬሚስትሪውን ስም አይቶ፣ ተጨነቀ ለውጤቷ፦
«ይሄ ነጥብ ይበላል፤ የፊልም ታሪክ ውሰጂ፤
በቀላሉ ኤ ይሰጣል፤ ተስፋሽን በእጅሽ አትናጂ።»

ከተማችን ፋርማሲ ካጣ፣ አራት ዓመት አልፎታል።
ለደም ግፊት ክኒን ፍለጋ፣ አርባ ማይል ይነዳል።
«የፊልም ታሪክ» አለች ልጄ፣ «ክኒን መቁጠር አያውቅም።»
ገባችበት።
ሌሊቱን ባለ ስድስት ማዕዘን ስትስል፣
የስልክ ሒሳብ ጀርባ ላይ፣ የፒዛ ካርቶን ላይ፣
አንድ ቀን ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በኔ የደመወዝ ወረቀት ላይ።
ሲ አገኘች።
ላብ ያለበት፣ እንባ ያለበት፣ ኤ የሚያክል ሲ።

ደብዳቤው በሰኔ ደረሰ።
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ስምንት።

ከሦስት ስትቀነስ ቀሪዋ፣ በኔ ሳጥን ሒሳብ ቢሆን፣
ሁለት ሳንቲም ናት፣ ሁለት፤ ማንም ያውቃል ይህን።
ከሳጥኑ አጠገብ ደግሞ፣ ጠርዟ የተሸረፈ ሳህን አለችኝ፤
የተረፈው ይጥልባታል፣ የጎደለው ያነሳባታል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ቆሜ ሳይ፣
ሁለት ሳንቲም ጎደለው ተብሎ፣
አንድም ሰው ዳቦውን ትቶ አልወጣም።

ቢሮው ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ አንዲት ጨዋ ሴት፦
«ይገባኛል፣ እመቤቴ። ግን ማጠጋጋት አይቻልም።
ዘጠና ክሬዲት ስትሞላ፣ ነጥቧ ከተነሳ፣ እናያለን።»
«እናንተ ዘንድ ሳህን የለም?» ልላት ፈለግሁ። አልኩ ይሆን?
«ምን አሉኝ?» አለችኝ።
«ምንም» አልኩ፣ ዘጋሁት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለሰው ዕጣ ስቆርጥ፣
አላወቅሁም ነበር፣ ተስፋም እንደሚቆረጥ።

እሷ ግን አልቆረጠች። ማታ ማታ መጋዘን ገብታ፣
ካርቶን ትቃኛለች፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፤
ቀን ደግሞ ሁለተኛውን ኬሚስትሪ ተመዝግባ፣
«እማ፣ ይሄኛው ይብሳል» ብላ ስቃ ሄደች።
አንዱን ሳቅ ከሌላው መለየት፣ አልችልም አሁን አሁን።

ዛሬ ጠዋት በሩ ጮኸ። ሚስተር ክሊታስ ናቸው።
ጭቃቸውን ምንጣፉ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ጠርገው፦
«ልጅቷስ? ተማሪዋስ? እኛ እያስተማርናት አይደል?»
እላያቸው ላይ አየሁ፣ የሚያበራ ደስታ፣ ንጹሕ፣
አምስት ዶላር ሙሉ የሚያወጣ።

«እየተማረች ነው» አልኩ።
ጥቅሉን ሳብኩ፣ ጠርዙን ያዝኩ፦
«ስንት ልቁረጥልዎ?»